ሃናን ያልዘለለችው ዘሃራ

ዛሬ ጠዋት ሮቢንስዴል ወዳለው ክሊኒክ ሄጄ የሞተ ሰው ለድንገተኛ ጊዜ ተጠሪዬ አድርጌ አስመዘገብኩ።

ፎርሙ አዲስ ነው። «አደጋ ቢደርስብዎ ማንን እንጥራ?» የሚል ሳጥን አለው። እጄ እኔን ሳያማክር «ዘሃራ ይመር» ብሎ ጻፈ፤ ስልኳንም በቃሉ ስለሚያውቀው አሰፈረ። «ዝምድና» በሚለው ላይ ደግሞ «እህት» ብዬ ጨመርኩበት። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ቁጥሩን ለማረጋገጥ እዚያው ደወለችና ቀና ብላ፣ ሰር፣ ይሄ ቁጥር አይሠራም አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። ዘሃራን ከቀበርን ገና አርባ ቀን አልሞላም። ሞታለች ስላት ልጅቷ ክው አለች። አይዞሽ፣ ዛሬ አይደለም ብዬ አጽናናኋት። በሰባ አራት ዓመቴ የማጽናናት ችሎታዬ እዚህ ደርሷል።

«እህት» ያልኩትም ውሸት ነው። እኔና ዘሃራ በየትም በኩል ብንቆጠር አንገናኝም። ይህን ፎርም ብታየው ኖሮ መነጽሯን ታወልቅ ነበር። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ እሷ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃት፣ የሚያናድድ ሰው ፊቱ ደብዘዝ ሲል ይሻላል አለችኝ። ከዚያ በኋላ መነጽሯ ወደ ጭኗ በወረደ ቁጥር የሚደበዝዘው የኔ ፊት ይሆን እያልኩ እጨነቅ ጀመር።

ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት። አባቷ በርስት ክርክር ዘመን ሸንጎ ፊት ቆመው፣ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሊት ልጅ እያሉ እስከ መሬቱ አቅኚ ድረስ ትውልድ ቆጥረው የሚመሰክሩ ሽማግሌ ነበሩ። እሷ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቆጠራውን ግን ከአባቷ እግር ሥር ጠጥታዋለች። የራሷን ትውልድ ስትቆጥር አንዱ አያት ሙስሊም፣ የሱ አባት ክርስቲያን፣ ከዚያ በላይ እንደገና ሙስሊም እያለ ይሄዳል፤ ለሷ ይሄ ምንም አያስገርምም። ከትንሿ ጣቷ ጀምራ በየአንጓው ላይ አንድ አንድ ሰው እያስቀመጠች ትወጣለች። የማታውቀው ላይ ስትደርስ እጇን ትዘረጋና «ከዚህ በላይ አላውቅም» ትላለች። እንደ አባቷ አነጋገር የቆጣሪ ክብሩ እሷ ቃል ላይ ነው፤ አላውቅም ያላለ ቆጣሪ የሰው መሬት ሲያስበላ ኖሮ ይሞታል።

እዚህ ሚኒሶታ ሥራዋ ሽማግሌ መጦር ነበር። ኤጀንሲው ሮቢንስዴል ውስጥ እማማ ማርጅ የሚባሉ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት አሮጊት ቤት መደባት። እኔ ደግሞ አዛውንቶችን ወደ አፖይንትመንት የማመላልስ ሾፌር ነኝ። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ እዚህ ስመጣ ዕውቀቴን የፈለገ ስላልነበረ መንጃ ፈቃዴን ሰጠኋቸው። የእማማ ማርጅ ልጅ ግሌን በየቅዳሜው እናቱን ከዘሃራ ጋር ሴንት ፖል ወዳለው የቤተሰብ ታሪክ የሚፈለግበት ቤተ መጻሕፍት እንዳደርስ ቀጠረኝ። እሱ ራሱ ድራይቭ እንዳያደርጋቸው ቅዳሜ ጎልፍ አለበት።

እማማ ማርጅ የሚፈልጉት የእናታቸውን ዘር ነበር። ከእንግሊዝ አገር፣ ከአንዲት የገጠር አጥቢያ የወጡ ናቸው። የአጥቢያዋን ስም ሦስት ጊዜ አስጠርተውኝ ሦስቴም ስለተሳሳትኩ እዚህ አልጽፈውም። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ወፍጮ፣ አንድ የባላባት ግቢ፣ የቀረው ጭቃ ነው። የአጥቢያው ቄሶች ክርስትናውን፣ ጋብቻውንና ቀብሩን የጻፉበት መዝገብ በፎቶ ተነሥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ቤተሰቡ በበጋው ትልቅ ስብሰባ ነበረው፤ ግሌን ለዚያ ቀን የዘር መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። እናቱ ደግሞ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አውቀው መሞት ነበር ምኞታቸው።

ታዲያ እኔ፣ እንግሊዝኛ አስተማሪው፣ ሥራው የኔ መስሎኝ ኮምፒውተሩ ፊት ጉብ አልኩ። የቄሱ ጽሕፈት ግን ጉንዳን ቀለም ውስጥ ገብቶ የሄደበት ነው የሚመስለው። አንድ መስመር ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ዘሃራ ከትከሻዬ በላይ አይታ፣ ይሄ ጭራው ወደ ግራ የሚታጠፈው ያኛው ገጽ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ትላለች። ፊደሉን እንደ ጥልፍ ነበር የምታየው፤ ሳታነበው ትለየዋለች። እኔ አነባለሁ፤ ሳልለየው።

በመጨረሻ የእማማ ማርጅን ቅድመ አያት አባት አገኘነው፤ ቶማስ ፔል። የቀረን የሱ አባት ነው። እኔም በሠላሳ ዓመት የመምህርነት ሥልጣን ነገሩን አብራራሁ፦ ቶማስ ፔል ማለት የፔል ልጅ ቶማስ ማለት ስለሆነ፣ ከእንግዲህ የምንፈልገው ፔል የሚባል ሰውዬ ነው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በዚያች አጥቢያ ውስጥ አቶ ፔልን ፈለግን። ጆን ሞልቷል፣ ዊሊያም ሞልቷል፤ ክርስትና ሲነሣ ፔል የተባለ ሕፃን የለም። እማማ ማርጅ የገዛ አገራቸውን የስም ሥርዓት ከኔ እየተማሩ በየመሐሉ «ኢንተረስቲንግ» ይላሉ። ሚኒሶታ ውስጥ ሃያ ዓመት ስኖር፣ እዚህ አገር ሰው «ኢንተረስቲንግ» ካለህ ተሳስተሃል ማለቱ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። በአራተኛው ቅዳሜ አልቻሉም፤ ፔል የአባት ስም ሳይሆን ከትውልድ ትውልድ የማይለወጥ የቤተሰብ ስም እንደሆነ በትሕትና ነገሩኝ። አስተምሬዋለሁ እኮ ይሄንን! ለስንት ክፍል!

ዘሃራ አልሳቀችብኝም። ጣቷ ላይ የያዘችውን ሰው እንደያዘች ቆማ ቀረች። የቶማስ ክርስትና ላይ የተጻፈችው እናቱ ሃና ፔል ናት፤ እኔ የባሏን ስም ይዛ ነው ብዬ አልፌያት ነበር፤ ዘሃራ ግን የሃናን የራሷን ክርስትና ከብዙ ገጽ በፊት አይታለች፤ ያኔም ፔል ናት።

«እናቱ ከአባቷ ቤት ፔል፣ ልጁም ፔል» አለች። «ታዲያ የልጁ አባት የት ሄደ?»

እማማ ማርጅ አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ቀለም የፈሰሰባት፣ እኔ የቦታ ስም ትሆናለች ብዬ የዘለልኳት ቃል ነበረች። መስመሩን ከነሷ ቀስ ብለው አነበቡት። ሃና ፔል፣ የባላባቱ ቤት ገረድ፤ ልጇ ቶማስ፤ ዲቃላ።

የዘሃራ መነጽር ጭኗ ላይ ወረደ።

የሕፃኑን እናት አልወቀሰችም፤ የተናደደችው በቄሱ ነው። በአንድ እጁ ልጁን ታቅፎ፣ ውሃ አፍስሶ፣ ከእግዜር ጋር አስታርቄሃለሁ ብሎ፣ በሌላው እጁ ዲቃላ ብሎ ይጽፋል? እዚያው ገጽ ላይ የባላባቱ ልጅ ክርስትና አለ፤ የሱ ስም በትልልቅ ፊደል፣ ቀለም ሳይፈስበት ተጽፏል። ቀለሙ ሰው አይቶ ነው የሚፈስሰው አለች። ከዚያ ወዲያ ሃናን እንደ ራሷ ዘመድ ያዘቻት። ቶማስ ሲያገባ ከምስክሮቹ አንዷ ሆና የፈረመችበትን አገኘችው፤ ስም አይደለም፣ የመስቀል ምልክት ናት፤ መጻፍ አትችልም። ዘሃራ ስክሪኑ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ ይሄ እጇ ነው፣ እጇ እዚህ ላይ አርፎ ነበር አለች። ቀብሯንም አገኘችው። አርጅታ ነው የሞተችው፤ እዚያም ፔል ናት፤ ከስሟ ቀጥሎ ደሃ ተብሎ ተጽፏል። ልጇን ብቻዋን አሳድጋ፣ ድራ፣ ነው የሄደችው።

በዚያ ቀን ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባን። ዘሃራ የክርስቲያን ሥጋ ስለማትበላ እኔም እማማ ማርጅም እንደ ልማዳችን ከሷ ጋር ሽሮ በላን። አሮጊቷ፣ ከመሞቴ በፊት ሃና መጽሐፉ ውስጥ ትግባልኝ አሉ። ዘሃራ እሺ አለች። እኔ በቀን ሃያ ጊዜ እሺ እላለሁ፤ የሷ እሺ የዚያ ዓይነት አልነበረም።

አሁን የምናደድበት ቦታ ደረስኩ፤ ሐኪሙ የደም ግፊትህን ጠብቅ ብሎኛል፣ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

ግሌን በኢንተርኔት ገንዘብ ከፍሎ ሌላ አጥኚ ቀጥሮ ኖሯል። አጥኚው ሰውዬ ሃና የባላባቱ ገረድ ከነበረች የቶማስ አባት ምናልባት ባላባቱ ነው ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ደብዳቤ «ምናልባት» ጠፋች። በመጽሐፉ ላይ ደግሞ ባላባቱ ከላይ ቁጭ አለ፤ ከነቤተሰቡ አርማ፣ ከነጋሻው፤ ጋሻው ላይ በሁለት እግሩ የቆመ አንበሳ አለበት። በሕይወታቸው ከበግ ሌላ አውሬ ያላዩ ሰዎች! ሃና ግን የለችም። ዋናው መስመር ንጹሕ እንዲሆን ነው አለ ግሌን። እናቱ ቢለምኑት ማተሚያ ቤት ገብቷል፣ ጊዜው አልፏል አላቸው።

ይሄ ነው ዘሃራን ያንገበገባት። በመኪናዬ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯ ጭኗ ላይ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ቲቸር፣ ምናልባት እኮ ልጅ አይወልድም። ይሁን፣ ወልዷል እንበል። ያኔ ለልጁ ስሙን ነፈገው። እነዚህ ደግሞ ዛሬ ዞረው እሱን ያነግሣሉ፤ ያሳደገችውን ያስወጣሉ። ሁለት ጊዜ ከዚያ ቤት ተባረረች ማለት ነው። የማታውቀውን አባት አትቁጠር፣ የምታውቃትን እናት አትዝለል ነበር አባቴ የሚለው።»

ስብሰባው ሐይቅ ዳር ባለ ፓርክ ውስጥ ነበር። ድንኳን፣ ሆትዲሽ የሚሉት በምድጃ የተጋገረ ቅልቅል ምግብ፣ በጠረጴዛ ላይ የተቆለሉ መጻሕፍት፤ አንበሳው በያንዳንዱ ሽፋን ላይ ያገሳል። ግሌን ስለ ባላባቱ ተናገረ፤ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ እናቱ አንድ ነገር እንዲሉ ጠየቀ። እማማ ማርጅ፣ የምትናገረው ዘሃራ ናት፣ ቆጣሪዋ እሷ ናት አሉ።

ዘሃራ ሻሿን አጥብቃ ተነሣች። ቆጠራ በሰው ቋንቋ አይሆንም ብላ በአማርኛ ልትቆጥር፣ እኔ ልተረጉም ተስማምተን ነበር። የእማማ ማርጅን እጅ ያዘችና በራሳቸው ጣት ላይ ከትንሿ ጀመረች። ማርጋሬት፣ እማማ ማርጅ ራሳቸው፣ የኢዲት ልጅ። ኢዲት የጆርጅ ልጅ። ጆርጅ የዊሊያም። ዊሊያም የቶማስ። እኔም አንድ በአንድ እተረጉማለሁ፤ ድምፄ እንኳ ያምር ነበር። ያ ሁሉ ወሬኛ ዘመድ ሳህኑን ይዞ ጣቷን በዓይኑ ይከተላል። የዘሃራ ጣት አምስተኛው አንጓ ላይ ደረሰ፤ ቶማስ የሃና ልጅ፣ ሃና የባላባቱ ቤት ገረድ፣ አባቱን አላውቅም አለች።

ግሌን ያየኛል። የቅዳሜ ሥራዬን የሚሰጠኝ እሱ ነው። ሁሉም ያየኛል። እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ፣ ሃና፣ ከትልቁ ቤት፣ ብዬ ተረጎምኩ። ከትልቁ ቤት! እውነትም እኮ ከዚያ ናት፤ ወለሉን የምትጠርገው እሷ ነበረች። ሰው አጨበጨበ። ግሌን በፈገግታ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ። እንዲያ ያለች ብልጠት አለችኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ስቀጣባት የኖርኩት።

ዘሃራ መነጽሯን አወለቀች። የምታስቀምጥበት ጭን ስላልነበረ ለእማማ ማርጅ ሰጠቻቸው። ከዚያ በራሷ እንግሊዝኛ፣ አሮጊት ስታጥብና ስታጎርስ በለመደችው እንግሊዝኛ፣ ተናገረች።

«ኖ። የቤቱ ሰው አይደለችም፤ የቤቱ ሠራተኛ ናት። አባቱን አናውቅም። ሃናን እናውቃታለን።»

ከሐይቁ ላይ የአንድ ጀልባ ሞተር ድምፅ ብቻ ይሰማል። እማማ ማርጅ «ትክክል ነው» አሉ። አንዲት ወጣት ዘመዳቸው መጽሐፉን ገልጣ በእስክሪብቶ አንድ ነገር ስትጽፍ አየኋት።

ሰኞ ግሌን ለኤጀንሲው ደወለ። ማክሰኞ ኤጀንሲው ለኔ ደወለ፤ ሠራተኛዋ ከሥራ ድንበሯ አልፋ ቤተሰቡን አዋርዳለች ወይ፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ አሉኝ። ማለት የነበረብኝ ይህን ነው፦ አላዋረደችም፣ አሮጊቷ ለምነዋት ነው፣ ያዋረድኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ግን የጀልባ ድምፅ ነበር፣ በደንብ አልሰማሁም አልኳቸው። በዚያው ሳምንት ዘሃራን ከእማማ ማርጅ ቤት አስወጧት፤ ሌላ ቤትም አልሰጧትም። በስልሳ ሦስት ዓመቷ ሻኮፒ የምትባል ከተማ ወርዳ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ካርቶን ስታነሣ ትውል ጀመር። እማማ ማርጅ ሦስት ጊዜ ለኤጀንሲው ደውለው መልሱልኝ አሉ፤ ከፋዩ ደንበኛ ልጅዎ ነው ተባሉ።

ቄሱ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፣ በሱ መናደድ ቀላል ነው። ግሌን ጎልፍ ይጫወታል፤ በሱም መናደድ አይከብድም። የሚያቃጥለኝ፣ ከሁሉም ይበልጥ እንግሊዝኛ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

አንድ ጊዜ ከሻኮፒ ሳመጣት ነገርኳት፤ ስለ ጀልባው ድምፅ። መስኮቱን እያየች፣ «አብሽሩ፣ ቲቸር። እንግሊዝኛው አላነሰዎትም» ብቻ አለች። መነጽሯ ዓይኗ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ብታወልቀው ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላም ቢሆን በየኢዱ ሳህን ሙሉ ጣፋጭ ሙሸበክ ታመጣልኝ ነበር፤ ስኳር አለብህ የሚለኝን ሐኪም በሷ ቤት ማንም አይሰማውም ነበር።

ልቧ ነው አሉ። ፈረቃዋን ጨርሳ ቤቷ ገብታ፣ አረፍ ልበል ብላ፣ አልተነሣችም። ግሌን ቀብሯ ላይ አልመጣም። እማማ ማርጅን ግን ድራይቭ አድርጌ ወሰድኳቸው፤ በብርድ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ወንዶቹ አፈር ሲያለብሱ ከሩቅ ከሴቶቹ ጋር ቆዩ። ሲጨርሱ፣ ማን ሊቆጥርላት ነው? ብለው ጠየቁኝ። ወንበራቸውን ወደ መኪናው ገፋሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ጠሩኝ። የዘር መጽሐፉን የራሳቸውን ቅጂ ጠረጴዛ ላይ አውጥተዋል። በገዛ እጃቸው ባላባቱን ከነአንበሳው ሰርዘውታል፤ ከላይ ሃና ፔል ብለው በደንብ በሚነበብ ፊደል ጽፈዋል። የገጹን ፎቶ ኮፒ ለየዘመዱ ሊልኩት ነው፤ ግሌን ወደደም ጠላም። ከገጹ ግርጌ ደግሞ «ቆጥራ ያገኘችልን» ብለው ጀምረው አቁመዋል። ዘሃራ ሰው በተዋወቀች ቁጥር እናትህስ ማን ትባላለች? ብላ ትጠይቅ ስለነበር ከአባቷ ጎን እናቷንም መጻፍ ይፈልጋሉ። የአባቷን ነገርኳቸው፤ ይመር። የእናቷንስ? አሉ፣ እስክሪብቶውን ይዘው።

ስድስት ዓመት አውቃታለሁ። የኔን እናት ስም በሁለተኛው ቀን ጠይቃኝ ታውቅ ነበር። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

እመኑኝ፣ ፋጡማ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። ወሎ ውስጥ ፋጡማ ሞልቷል፤ እማማ ማርጅስ በየት በኩል ያውቃሉ? ገጹ ይሞላል፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ሳል ይዞኝ ነው መሰለኝ ትንሽ ዘገየሁ፤ ከዚያ አላውቅም አልኳቸው። ሳላስጌጥ።

ለልጇ ለሰሚራ ደወልኩላት። እዚሁ የተወለደች ናት፤ ባማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የመለሰችልኝ፤ ማሚ ሁልጊዜ «እናቴ» ነበር የምትላት፣ ስሟን ሰምቼ አላውቅም ጋሼ አለች፤ ከዚያ ስልኩ ላይ አለቀሰች። ወሎ አንዲት አክስት አለቻት፤ ኔትወርኩ በመጣ ጊዜ ልትሞክር ነው። እኔም በበኩሌ ሦስት የወሎ ሰዎችን አስቸግሬያለሁ።

እማማ ማርጅ ጠዋት ጠዋት ይደውሉልኛል፤ ተገኘ? ብለው። ቦታውን ክፍት ትተውታል፤ በእርሳስ ትንሽ መስመር አስምረውበት። አንድ ስም አለብኝ።